አንድ ቃል ለሙሉጌጥ ድንጋይ

ሐዋሳ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሰው የሞተበት ቤት ሁሉ ውሎ አድሮ ብዙአየሁ ደጃፍ ይመጣል። ጴንጤ ይሁን ኦርቶዶክስ፣ ወይም እንደ እሱ ካቶሊክ፣ ሐዘንተኛ ሁሉ የመቃብር ድንጋይ የሚያስጽፈው እሱ ዘንድ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከቆርቆሮ ጥላው ሥር ተቀምጦ በመሮና በመዶሻ የሰው ስም ሲቀርጽ ኖሯል። የዛሬ ልጆች በኮምፒውተር አስጽፈው በማሽን ያስቆርጣሉ። እሱ ግን ጽሑፉን መጀመሪያ ድንጋዩ ላይ በእርሳስ ይጽፋል፣ ባለቤቶቹን ያስነብባል፣ እነሱ እሺ ካሉ በኋላ ነው መሮውን የሚያነሳው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንዲት ፊደል ተሳስቶ አያውቅም፤ ይህንንም ሳይጠየቅ ይናገራል።

አማርኛ አፍ የፈታበት ቋንቋ አይደለም። ከምባታ ተወልዶ፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ ሐዋሳ የገባው ጎልማሳ ሆኖ ነው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ፊደልን እንደ ትልቅ እንግዳ እያከበረ የሚይዘው። ባለቋንቋዎቹ "ሀ" እና "ሐ" ያው ነው እያሉ ሲያደባልቁ ደሙ ይፈላል።

የብዙአየሁ ጣጣ ከእጁ ሳይሆን ከአፉ ነበር። ወጣት ሳለ አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ቄስ የመጽሐፍ መደርደሪያቸውን ከፍተውለት ነበርና፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት መቶ የክርስትና ዓመታት ታሪክ በጥቁር ደብተር ላይ ገለበጠው። ጳጳሳቱን፣ ሰማዕታቱን፣ ሮማ ከተማ ሥር ያሉትን የመቃብር ዋሻዎች ሳይቀር ጻፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የካቶሊክ እምነት ዘብ ሆነ፤ ማንም ባይቀጥረውም። ሐዋሳ ጴንጤ የሞላባት ከተማ ናት፤ ካቶሊኩ እፍኝ አይሞላም። ስለዚህ ዘቡ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

ድንጋይ ሊያስጽፍ የመጣ ሐዘንተኛ ስለ ቅዱሳን አንዲት ቃል ካመለጠችው አለቀለት። ብዙአየሁ መዶሻውን ያስቀምጣል፣ መነጽሩን ይጠርጋል፣ "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ብሎ ይጀምራል። ቁርባን ምሳሌ ብቻ ነው ላለው፣ ለአውሬ ተሰጥቶ የሞተውን የአንጾኪያውን ጳጳስ አግናጥዮስን ይጠራበታል፤ ያ ሰው ሐዋርያቱ ካለፉ ብዙም ሳይቆይ ቁርባኑ የክርስቶስ ሥጋ ነው ብሎ መስክሯል። የቅዱሳንን አጽም ማክበር ጣዖት ነው ላለው፣ በእሳት የተቃጠለውን የሰምርኔሱን ፖሊካርፖስን ያመጣል፤ ምእመናኑ አጥንቱን ከወርቅ አስበልጠው እንደለቀሙት፣ የሞተበትን ቀን በየዓመቱ ለማክበር እንደወሰኑም ያስረዳል። "ታዲያ እነዚያም ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ?" ይላል ጣቱን ቀስሮ። ሐዘንተኛው የአባቱን ስም አስጽፎ ለመሄድ የመጣ ምስኪን ነው፤ ምን ይመልስ?

እውነቱን ለመናገር ብዙአየሁ ታሪክ አያዛባም። የሚለው ሁሉ ተጽፎ የሚገኝ ነው፤ ያሸንፋል። የተሸነፈው ሰው ግን ተመልሶ አይመጣም። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ሽበሺ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳውን ከእሱ ጋር ከአንድ ሳህን የበላ ሰው ነበር። አንድ ቀን ቄስን "አባ" ማለት ይገባል ወይስ አይገባም በሚል ተያያዙ። ብዙአየሁ ደብተሩን ገልጦ ደንበኞቹ ፊት ድባቅ መታው። በማግስቱ ሽበሺ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ብቻውን በላ፤ በወሩ የስፌት መኪናውን ጭኖ ወደ ታቦር ክፍለ ከተማ ሄደ። ብዙአየሁ "እውነት መራራ ናት" አለ። እውነት መራራ መሆኗን ማን አጣው? በአካፋ ካላጎረስኩ የሚል ግን ከእሱ በቀር የለም።

ሚስቱ ሙሉጌጥ ዝምተኛ ነበረች። ስኳር ሕመም እግሯን ከያዘው በኋላ ሦስት ዓመት ከቤት አልወጣችም። የካቶሊክ ቤተክርስቲያኑ ሩቅ ነው፤ ቄሱም የሚያዳርሱት ብዙ ስለሆነ በወር አንዴ ቢመጡ ነው። የጎረቤቶቹ የጴንጤ ሴቶች ግን በየሳምንቱ ረቡዕ ይመጣሉ። ልብሷን ያጥቡላታል፣ ፀጉሯን ይሠሯታል፣ እግሯን በለብ ባለ ውሃ ያሹላታል፣ ከዚያ ይዘምራሉ። ብዙአየሁ ደግሞ መዝሙሩ እስኪያልቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅና፣ ሊወጡ ጫማቸውን ሲያደርጉ ስለ ማርያም ጥያቄ ይጠይቃቸዋል።

አንድ ቅዳሜ ሙሉጌጥ፣ "ብዙአየሁ፣ ነገ ከነሱ ጋር ልሄድ ነው" አለችው።

እሱም ደብተሩን አወጣ። ሁለት ሰዓት ያህል አነበበላት። የቀደመችው ቤተክርስቲያን የቷ እንደሆነች፣ በጴጥሮስ ወንበር ላይ ማን ማንን እንደተካ፣ ተራ በተራ። እሷ ጋደም ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ አላቋረጠችውም። በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹ የላኩት ባጃጅ ደጅ መጥቶ ጥሩንባውን ሲነፋ ቀና አለች።

"ልክ ነህ፤ አንድም ቃል አልተሳሳትክም። በል አሁን ጫማዬን አቀብለኝ" አለችው።

አቀበላት። ከዚያ በኋላ በነበሩት አራት ዓመታት እራት በቀረበ ቁጥር ይከራከራታል፤ እሷም "ልክ ነህ" ትለዋለች፤ እሁድ ትሄዳለች። ለተከራካሪ ሰው እንደ "ልክ ነህ" የሚያንገበግብ ነገር የለም። የሚይዝበት ቦታ ያጣል። አንድያ ልጃቸው ሮሆቦትም እናቷን ተከትላ ሄደች፤ እዚያው አገባች፤ ታቦር በሚገኝ ትምህርት ቤት ታስተምራለች።

ሙሉጌጥ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ሞተች። የተቀበረችው በአጥቢያዋ መካነ መቃብር፣ ወደ ቡሹሎ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። ተዘመረላት፣ ተሰበከላት፣ "ወደ ጌታዋ ሄዳለች" ተባለላት። ፍትሐት ግን አልነበረም። ስሟን ጠርቶ "ነፍሷን ይማርልን" ያለ ሰው የለም፤ በእነሱ ዘንድ የሞተው አንዴ ሄዷል፣ የጸሎት ነገር አብቅቷል። ብዙአየሁ ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ ይህን ሁሉ ሰማ። ባዶ እጇን የላኳት መሰለው።

እዚያው ቆሞ ቆረጠ። ሬሳዋን እነሱ ቀብረዋል፤ ድንጋዩ ግን የእሱ ነው። ለራሱ መቃብር ብሎ ለዓመታት በጆንያ ሸፍኖ ያቆየው ነጭ እብነ በረድ ነበረው፤ እሱን ይሰጣታል። ከስሟ ሥር ደግሞ አንድ ቃል ይቀርጽበታል፤ "ጸልዩላት" የሚል። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ፣ ጴንጤም ቢሆን፣ ማንበብ ከቻለ ያነባታል። ከዚህ በላይ ምንም አልፈለገም፤ ከዚህ በታችም አይቀበልም።

አጥቢያው እንደማይፈቅድ ስላወቀ ለሙግት ተዘጋጀ። ስምንት ወር ሙሉ፣ ከሥራ እንደገባ ራት ሳይበላ ደብተሩ ላይ ያቀረቅራል። ከአዲስ አበባ መጽሐፍ አስልኮ፣ ከሰው ተውሶ፣ የጥንት ክርስቲያኖች ለሙታናቸው መጸለያቸውን የሚያሳይ ያገኘውን ሁሉ ሰበሰበ። የደብተሩ ባዶ ገጾች አልቀው በሽፋኑ ውስጠኛ ክፍል ላይ መጻፍ ጀመረ።

ሰዎቹ የመጡት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ፓስተር ሕዝቅያስ የወላይታ ልጅ፣ ገና አርባ ያልሞላው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። አብሮት የመጣው አቶ ጌታቸው የአጥቢያው ሽማግሌና የመቃብር ኮሚቴው ሰብሳቢ ሲሆን ኮስታራ ነው። ሮሆቦት ከትምህርት ቤት ቀጥታ ነበር የመጣችው፤ እጇ ላይ የጠመኔ ብናኝ ነበር። ብዙአየሁ ድንጋዩን ከግድግዳው ጋር አስደግፎ፣ ጽሑፉን በእርሳስ ጽፎ፣ በአንሶላ ሸፍኖ ጠበቃቸው። አንሶላውን ሲገልጠው አቶ ጌታቸው ጎንበስ ብሎ ጮክ እያለ አነበበ።

"ወይዘሮ ሙሉጌጥ ክብሩ። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሁለት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት። ጸልዪላት።" ቀና አለ። "ማን ናት የምትጸልየው?"

"እንዴት ማን ናት?" አለ ብዙአየሁ።

"‘ጸልዪላት’ ነዋ የሚለው። አንዲት ሴትን ነው የሚያናግረው።" ወደ ፓስተሩ ዞረ። "ይኸው! ማርያምን ነው! እኛ መቃብር ውስጥ ገብቶ ማርያምን ሊለምን ነው!"

ብዙአየሁ መነጽሩን አድርጎ ድንጋዩ ላይ አፈጠጠ። በ"ዩ" እና በ"ዪ" መካከል ያለችው ልዩነት አንዲት ጭረት ናት፤ ከፊደሏ ወገብ ላይ ከሆነች መንገደኛውን ሁሉ ትለምናለች፣ ከእግሯ ሥር ከሆነች አንዲት ሴትን። ጭረቷ ያለችው ከእግሯ ሥር ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ እመቤታችንን "ጸልዪልን" ሲል ያደገበት አፉ እጁን መርቶ አሳስቶታል። ለዚያውም በሚስቱ ድንጋይ ላይ፣ ለዚያውም በአቶ ጌታቸው ፊት። ጆሮው ድረስ ጋለ።

"ተሳስቼ ነው" አለ።

ሮሆቦት ዞር ብላ አየችው። አባቷ ይህን ቃል ሲናገር በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። እሱ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ እርሳሱን ጠረገና ጭረቷን ወደ ወገቧ መለሳት።

ፓስተሩ አልሳቀበትም። "ጋሽ ብዙአየሁ፣ በዚህም ቢሆን ለእኛ ያው ነው" አለው። "እትዬ ሙሉጌጥ ጌታ ጋ ናቸው ብለን ነው የምናምነው። ለሞተ ሰው አንጸልይም። ‘በጌታ አንቀላፍታለች’ ቢሉ ምን ነበረበት?"

ብዙአየሁ የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር። የዚያን ቀን ግን እንደ ልማዱ ጣቱን አልቀሰረም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ስሕተቱ ሰብሮት ይሁን ነገሩ የሚስቱ ሆኖበት፣ ዝግ ብሎ ነው የጀመረው። በመጀመሪያ፣ ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር የነበረ አበርክዮስ የሚባል ሽማግሌ ጳጳስ፣ ገና በሕይወት ሳለ የመቃብሩን ድንጋይ አሠርቶ፣ የሚያነብና የገባው ወንድም ሁሉ እንዲጸልይለት እንዳስቀረጸበት ነገራቸው። ድንጋዩ ስብርባሪው ተገኝቶ ዛሬም ድረስ ሮማ ይታያል። "እንደ እኔ ያለ ሰው ነው የቀረጸው" አለ። ቀጥሎ የጴርጴቱዋን ነገር አነሳ።

"ካርታጎ በምትባል ከተማ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ፣ ከዛሬዋ ቱኒስ አጠገብ" አለ። "በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት መቶ ሦስት። ልጅቷ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ የሚጠባ ሕፃን አላት። ክርስቶስን አልክድም ብላ ታስራለች፤ ለአውሬ ልትሰጥ ነው። እስር ቤት ሳለች ታናሽ ወንድሟ ትዝ አላት። በሰባት ዓመቱ ፊቱን ቁስል በልቶት ነው የሞተው። በራእይ አየችው። ጨለማ ቦታ ነው ያለው፤ ውሃ ጠምቶታል፤ የገንዳው አፍ ከፍ ብሎበት ሊደርስበት አልቻለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀንና ሌሊት እያለቀሰች ጸለየችለት። ሌላ ቀን ደግሞ አየችው። ቁስሉ ድኗል፤ ገንዳው ዝቅ ብሎለታል፤ ጠጥቶ ሲጠግብ እንደ ልጅ ሊጫወት ሮጠ። እሷም ከቅጣቱ እንደተፈታ አወቀች። ከዚያ ወጥታ ሞተች። ይችን ልጅ አረማዊ ናት ትላታለህ ፓስተር?"

"ይሄ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የለም" አለ አቶ ጌታቸው።

"የለም" አለ ፓስተር ሕዝቅያስ። "ታሪኩ ግን አለ። ኮሌጅ ሳለሁ አንብቤዋለሁ፤ አላስተባብልም። እኔ ብሆን አልጽፈውም ጋሽ ብዙአየሁ፤ ትምህርታችን አይደለም። ቢሆንም መቃብሩ የእኛ ነው እንጂ ድንጋዩ የቤተሰቡ ነው። ሮሆቦት ከተስማማች አንከለክልም።"

አቶ ጌታቸው እያጉረመረመ ወጣ። ፓስተሩ የብዙአየሁን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ተሰናበተው። ብዙአየሁ ከሠላሳ ዓመት ሙግት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተሸንፎ ያልተቀየመ ሰው አየ። ደረቱ ሞላ።

ሮሆቦት በርጩማው ላይ ተቀምጣ የእናቷን ስም በዓይኗ ስትከተል ቆየች።

"ጻፈው አባዬ" አለች።

"ቆይ ገና አላለቀም እኮ፤ ይሄን ስሚ" ብሎ ደብተሩን ሊያነሳ ሲል እጁን ያዘችው።

"ተው አባዬ፤ ማስረጃ አልፈልግም።" አንገቷን ደፋች። "እማዬ ከሞተች ጀምሮ ስሟን ጠርቼ መጸለይ ያምረኛል። እንዴት እንደሚባል አላውቅበትም፤ ስጀምረውም ያጠፋሁ ይመስለኛል። ለባሌም አልነገርኩትም። ግን ልተኛ ስል አንድ ነገር አስባለሁ። አሁን አባዬ ተንበርክኮ ስሟን እየጠራላት ነው እላለሁ። እኔ ባልችልም እሱ አለላት እላለሁ። እስከ ዛሬ ያቆመኝ ይሄ ነው።" ቀና ብላ አየችው። "በየቀኑ ነው አይደል የምትጸልይላት?"

ብዙአየሁ ስምንቱን ወር በልቡ ወደ ኋላ ሄደበት። መቁጠሪያው የቀብር ዕለት ከኮቱ ኪስ ወጥቶ ኮሞዲኖ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ አልተነሳም። በዓርባኛው ቀን ምን ሲሠራ ነበር? አስታወሰው። የባሏን ነፍስ ዕረፍት ስለምትለምንና የሞተበትን ቀን በየዓመቱ ስለምታስብ ጥንታዊት መበለት የሚናገር አንድ ገጽ ሲገለብጥ አምሽቶ፣ ቀኑ የማን ዓርባ እንደሆነ ሳያስበው ተኝቷል። ለሙታን መጸለይ እንደሚገባ የሚያረጋግጥ መቶ ገጽ ጽፏል። ለሙሉጌጥ ግን አንድ "አባታችን ሆይ" እንኳ አላለላትም። አንድም ቀን።

"አዎ" አላት። "በየቀኑ።"

ግንባሯን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ቃሉ አንዴ ወጥቷል፣ ልጁም ተጽናንታበታለች። መልሶ ሊውጠው አይችልም። ጀርባዋን እየደባበሰ ጠመኔ የነካው እጅጌዋን ብቻ ያይ ነበር።

ድንጋዩን በአምስት ቀን ጨረሰው። እንደዚያ ንጹሕ አድርጎ የቀረጸው ሌላ ሥራ የለውም፤ ሲቀርጸው ያየ ሁሉ መስክሯል። ተጭኖ ሄዶ ተተከለ። በተተከለ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ብዙአየሁ ብቻውን ባጃጅ ይዞ ሄደ። መንገዱን ሙሉ ከዛሬ ጀምሬ እውነት አደርገዋለሁ ሲል ነበር፤ ስምንቱንም ወር እከፍላታለሁ ሲል።

ሌላ መቃብር ሊጎበኙ የመጡ ሁለት ሴቶች ከድንጋዩ ፊት ቆመው ነበር። አንደኛዋ አነበበችና "ውይ፣ ምን ማለት ነው ይሄ?" አለች። ሌላይቱ ከንፈሯን መጠጠች። ብዙአየሁን ሲያዩ "ጌታ ያጽናናዎት" ብለውት አለፉ። እሱ እስኪርቁ ጠበቀ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጉልበቱ እየተንቋቋ፣ አፈሩ ላይ ተንበረከከ። አማተበ። ዓይኑን ጨፈነ።

"ጌታ ሆይ" አለ። "ከመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ዘመን ጀምሮ ለሞቱት ሲጸለይ እንደኖረ አንተ ታውቃለህ። በካርታጎ ከተማ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በሁለት መቶ ሦስት…"

ድምፁን ሰማውና ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ያዘ። አሁንም የመጣለት አበርክዮስ ነው፤ ከአበርክዮስ ቀጥሎ የሮማ ዋሻዎች። ሙሉጌጥ የት ጋ እንደምትገባ ጠፋው። ተከራካሪ ቢያገኝ ኖሮ እስከ ምሳ ሰዓት በተናገረ ነበር። እዚያ ግን የሚቃወመው ሰው አልነበረም፤ እሱም ተንበርክኮ፣ አንድ ሰው "አይደለም" እስኪለው ድረስ ጠበቀ።